ከዱባይ ወደ ሙሰንደም፦ በጀልባ ኾር ሻም ገብቶ የመመለሻ መመሪያ

ዱባይ ከገባሁ ስድስት ዓመቴ ነው። አምስቱን ዓመት ባሕር ማለት ለእኔ ከሕንፃ ፊት ለፊት ያለ ውኃ ነበር። በእረፍት ቀን ሄደን፣ አሸዋው ላይ ቁጭ ብለን፣ ሻይ ጠጥተን የምንመለስበት። ከዚያ አንድ ጓደኛዬ ሙሰንደም የሚባል ቦታ ወሰደኝ። የዓባይን በረሃ ከአፋፉ ሆናችሁ አይታችሁ ከሆነ፣ ያ ገደል እስከ ወገቡ ውኃ ሞልቶበት አስቡት። ውኃው ላይ ጀልባ አለ፣ ጀልባው ላይ ምንጣፍና ትራስ፣ ትራሱ ላይ ደግሞ እናንተ።

ከዚያ ወዲህ ሦስት ጊዜ ሄጃለሁ። አንዴ ደግሞ ከድንበር ተመልሻለሁ፤ እሱን እነግራችኋለሁ። «እንዴት ነው የሚኬደው?» የሚለኝ ሰው ስለበዛ አንዴ ጽፌው ልገላገል። ከወዲሁ ግን አንድ ነገር ያዙልኝ። ባሕሩ ቀላሉ ነው፤ መዋኘት ባትችሉም ትሄዳላችሁ። ጣጣው ያለው የብስ ላይ ነው።

ቦታው

ሙሰንደም የኦማን ግዛት ነው፤ ግን ከተቀረው ኦማን ጋር በየብስ አይገናኝም። መሃል ላይ ኢማራት ገብታለች። የዓረብ ምድር ወደ ሰሜን ሹል ብሎ ኢራንን የሚጠቁምበት ጫፍ እሱ ነው። ከፊቱ ያለው ባሕር በየዜናው የምንሰማው የሆርሙዝ ሰርጥ ነው። ተራራው ከባሕሩ ቀጥ ብሎ ይነሳል። ትልቁ፣ ጀበል ሐሪም፣ ከ2,000 ሜትር በላይ ነው። ከአዲስ አበባ ከፍታ ብዙም አያንስም፤ ልዩነቱ እግሩን ባሕር ውስጥ መንከሩ ነው።

አስጎብኚዎቹ «የዓረብ ኖርዌይ» ይሉታል። አሠራሩ ግን እንደ ኖርዌይ አይደለም። የኖርዌይን ሸለቆ የቆፈረው በረዶ ነው። እዚህ የሆነው ሌላ ነው፦ የዓረቡ መሬት ወደ ኢራን እየገፋ ከሥሯ ስለሚገባ ጫፉ ቀስ በቀስ ወደ ታች ይሰምጣል። ድሮ ወንዝ የቆፈራቸው ሸለቆዎች አብረው ወረዱና ባሕር ገባባቸው። ጀልባ ላይ ሆናችሁ የምታዩት የተራራ ጫፍ እንጂ የባሕር ዳርቻ አይደለም። የአገሩ ሰው እንዲህ ባሕር የገባበትን ጉያ «ኾር» ይለዋል። ረጅሙ ኾር ሻም 16 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ ውስጥ ይዘልቃል።

ይህን የማወራው ጂኦግራፊ ለማስተማር አይደለም። ኾር ሻም በሁለት ወገን በተራራ ስለታጠረ ነፋስ ብዙ አይደፍረውም፤ ውኃው ብዙውን ቀን እንደ ሐይቅ ነው። ለዚህ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ የምትሄዱ ከሆነ ኸሰብ ከተማ ሄዳችሁ ከዚያ ተሳፈሩ የምለው። በምሥራቅ በኩል ከዲባ የሚነሱ ጀልባዎችም አሉ፤ ቆንጆ ናቸው፤ ግን ክፍት ባሕር ስለሆነ ይንጣል። ሆዳችሁ ደካማ ከሆነ ለሁለተኛ ጊዜ አቆዩት።

ወረቀቱ፦ ከሁሉም በፊት

አሁን ከድንበር የተመለስኩበትን ልንገራችሁ። አራት ሆነን ወጣን። መኪና አለ፣ ምሳ ተከፍሏል፣ ሙዚቃው ተከፍቷል። አንዲቷ ጓደኛችን ቪዛ ቀድማ አልጠየቀችም። «እናንተ ከገባችሁ እኔም እገባለሁ» አለች፤ እኛም ዝም አልን። ድንበር ላይ ኢቃማዋ፣ ማለት የመኖሪያ ፈቃዷ፣ ሊያልቅ ጥቂት ሳምንት እንደቀረው ታየ። አለቀ። እሷን መንገድ ላይ ጥለን አንሄድም፤ አራታችንም ተመለስን። የጀልባው ገንዘብም አልተመለሰም።

ስለዚህ በቅደም ተከተል እንዲህ አድርጉ።

መጀመሪያ ኢቃማችሁን ተመልከቱ። ቢያንስ ከሦስት ወር በላይ፣ ፓስፖርታችሁ ደግሞ ከስድስት ወር በላይ የቀረው ይሁን። ቀጥሎ የኦማን ፖሊስ የኢ-ቪዛ ድረ ገጽ ላይ ግቡና በባሕረ ሰላጤው አገሮች ነዋሪ በሚለው መስመር አጣሩ። እዚያ ላይ ዜግነታችሁ ብቻ ሳይሆን ኢቃማችሁ ላይ የተጻፈው ሙያም ሊታይ ይችላል። ደንቡ ይቀያየራል፤ ባለፈው ዓመት የገባ ጓደኛ የነገራችሁን አትመኑ። ቪዛው በእጃችሁ ሳይገባ ለጀልባ አንድ ድርሃም አትክፈሉ።

በቪዚት ቪዛ ያላችሁ ደግሞ ልብ በሉ። ቪዛችሁ የአንድ ጊዜ መግቢያ ከሆነ ስትወጡ አለቀ ማለት ነው፤ መመለሻ የላችሁም። ከካፊል፣ ማለት ከአሠሪው ስፖንሰር፣ ጋር ያልተፈታ ጉዳይ ያለበት፣ ወይም ወረቀቱ የተበላሸበት ሰውም ይህን ጉዞ አያስበው። ድንበር መዝናኛ አይሆነውም። ፓስፖርቷ ማዳም ጋ የተቀመጠባት እህትም ቀድማ ትነጋገር እንጂ በዋዜማው አትሯሯጥ።

ይህ ሁሉ ለማይሆንላችሁ ድንበር ሳትሻገሩ ተመሳሳይ ነገር የምታገኙበት ቦታ አለ። ፉጀይራ በኩል አል ዓቃ ሄዳችሁ ስኑፒ ደሴት ዙሪያ መዋኘት ትችላላችሁ። ኾር ፈካን ላይም ከወደቡ አጫጭር የጀልባ ጉዞ አለ። ተራራውም ባሕሩም አለ፤ እንደ ኾር ሻም ዓይነት ጉያ ግን የለም።

መቼ

ከጥቅምት እስከ መጋቢት። በጋው፣ ማለት የእነሱ በጋ፣ ከ40 ዲግሪ በላይ ነው፤ ድንጋዩ ራሱ ምጣድ ይሆናል። በክረምታቸው አየሩ ደስ ይላል። ግን ሸማል የሚሉት የሰሜን ምዕራብ ነፋስ ሲነሳ ጀልባ አይወጣም። ስለዚህ ከመነሳታችሁ ሁለት ቀን በፊት የባሕሩን ትንበያ ተመልከቱ፤ ለጀልባው ሰዎችም ደውሉ። ዝናብ ከተባለም ተጠንቀቁ፤ እዚያ ደረቅ ወንዝ በደቂቃ ይሞላል።

ከአየሩ ሌላ ዜናም ይታያል። ሆርሙዝ ሆርሙዝ ነው። በአካባቢው ነገር ሲካረር ጉዞው ይቅርባችሁ፤ ተራራው የትም አይሄድም።

ቀኑን በተመለከተ፣ ኢማራት ከ2022 ጀምሮ እረፍቷን ወደ ቅዳሜና እሑድ አዙራለች፤ ኦማን ግን አሁንም ዓርብና ቅዳሜ ነው። ስለዚህ ቅዳሜ የሁለቱም አገር ሰው ይገጣጠማል፤ ጀልባውም ድንበሩም ይጨናነቃል። የእኔ ምርጫ ይኸው፦ ቅዳሜ ረፋድ ላይ ተነስቶ ኸሰብ ማደር፣ እሑድ ጠዋት ጀልባ፣ እሑድ ማታ ቤት። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ከዱባይ ተነስቶ በዚያው ቀን ደርሶ መመለስም ይቻላል፤ ድንበሩ ላይ ሰልፍ ካለ ግን ጀልባው አይጠብቃችሁም።

መንገዱ

ከዱባይ ኸሰብ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በራስ አል ኸይማ አልፋችሁ ዳራ የሚባለው ድንበር ትደርሳላችሁ። ሲወጡ 35 ድርሃም ይከፈላል። ከድንበሩ በኋላ ያለው 40 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ለብቻው ጉዞ ነው፤ በስተቀኝ ገደል፣ በስተግራ ባሕር፣ መሃል አስፋልት። የሚነዳው ሰው እንዲያይ አትገፋፉት። ቁሙና እዩ።

በመኪና ከሄዳችሁ ኢንሹራንሱ ኦማንን እንደሚሸፍን የሚያሳየውን ብርቱካንማ ካርድ ያዙ። ከሌላችሁ ድንበሩ ላይ መግዛት ይቻላል። መኪናው በስማችሁ ካልሆነ ወይም የባንክ ብድር ካለበት የፈቃድ ደብዳቤ ያስፈልጋል፤ የኪራይ ከሆነም አከራዩ ኦማን እንዲገባ መፍቀዱን በጽሑፍ ተቀበሉ።

መኪና የሌለው ሰውም አይቀርበትም። በ2023 ከራስ አል ኸይማ ወደ ኸሰብ የሚሄድ ባስ ተጀምሯል፤ ሲጀመር ዋጋው 50 ድርሃም ነበር። የሚነሳበትን ቀንና ሰዓት ቀድማችሁ ጠይቁ። ከሙስካት የምትመጡ ደግሞ ከኢማራት ድንበር ጋር ሳትጋጩ በአውሮፕላን ወይም ከሺናስ ወደብ በፌሪ ትደርሳላችሁ።

መጠጥ አትያዙ። ይፈተሻል።

ጀልባውን መያዝ

የምትሳፈሩበት ዳው ይባላል፤ የድሮ የዓረብ ነጋዴ ጀልባ ቅርጽ ያለው፣ ሰፊ፣ ቀስ ብሎ የሚሄድ የእንጨት ጀልባ። ኸሰብ ወደብ ላይ በርካታ ድርጅቶች አሉ። የግማሽ ቀን ጉዞ ሦስት አራት ሰዓት ይፈጃል። የሙሉ ቀኑ ጠዋት ወጥቶ ወደ ማታ ይመለሳል፤ ምሳ አለው።

ሙሉ ቀን ውሰዱ። ግማሽ ቀኑ ቸኩሎ ይገባል፣ ቸኩሎ ይወጣል፤ እዚያ ድረስ ነድቶ መቸኮል ምን ይባላል? ዋጋው አብዛኛውን ጊዜ ለአንድ ሰው ከ20 እስከ 30 ሪያል ውስጥ ነው። አንድ የኦማን ሪያል ዘጠኝ ድርሃም ተኩል ያህል ስለሆነ ቁጥሩ ትንሽ መስሎ አያታላችሁ።

ስትደውሉ ይህን ጠይቁ፦ ስንት ሰው ይሳፈራል? ላይፍ ጃኬት ለሁሉም አለ፣ ለልጅ የሚሆንስ? ሽንት ቤቱ ይሠራል? (አትፈሩ፤ ስድስት ሰዓት ረጅም ነው።) በነፋስ ምክንያት ቢሰረዝ ገንዘብ ትመልሳላችሁ?

ሰዓት ላይ አንድ ነገር ልጨምር። እነሱ «ናይን» ካሉ የእኛ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ነው። የምታውቁት ይመስላችኋል። አንዱ ወዳጃችን በስልክ «9 ሰዓት» ብሎ ለሌላው አስተላልፎ፣ ያ ሰው ተኝቶ አርፍዶ ኸሰብ የደረሰው ከቀኑ 9 ሰዓት ነበር። ጀልባዋ እየተመለሰች ነበር።

ጿሚዎች ደግሞ ምሳውን ቀድማችሁ ተነጋገሩ። የጉዞው ወቅት ከጾመ ነቢያትና ከዐቢይ ጾም ጋር ይገጥማል። የሚቀርበው ብዙውን ጊዜ ሩዝ በዶሮ ወይም በዓሣ ነው። አብሳዮቹ በአብዛኛው ከሕንድና ከባንግላዴሽ የመጡ ስለሆኑ «ቬጅ» ስትሏቸው ይገባቸዋል፤ ግን «ቬጅ» ሲባል እርጎና ቅቤ አይከለክልምና ወተት፣ ቅቤ፣ እንቁላል የለም ብላችሁ ዘርዝሩ። ምስርና ሑሙስ አይጠፋም። ለማንኛውም አንድ ፌስታል ዳቦ ቆሎ አይለያችሁ።

ቦርሳው

ኮፍያ፣ የፀሐይ ቅባት፣ ፎጣ፣ ቅያሪ ልብስ፣ ውኃ ውስጥ የሚገባ የጎማ ጫማ። ጫማውን አትናቁት፤ ድንጋዩ ላይ የተጣበቀው ቅርፊት እንደ ምላጭ ይቆርጣል። ለስልክ ውኃ የማያስገባ ከረጢት። በታኅሣሥና በጥር ሲመለሱ ነፋሱ ስለሚበርድ አንድ ጋቢ ለሁለት። ጥቂት ጥሬ ሪያል።

ቡና በፔርሙዝ ያዙ። ጀበናና ከሰል ይዞ የመጣ ሰው አይቻለሁ። የእንጨት ጀልባ ነው፣ ምንጣፍ ተነጥፎበታል። ካፒቴኑ ከሰሉን ሲያይ የነበረውን ፊቱን እስካሁን አልረሳውም።

ጀልባው ላይ

ስትገቡ ጫማ ይወልቃል። ቦታ የምትመርጡት ያኔ ነው። የሚያቅለሸልሻችሁ ከሆነ መሃል ወደ ኋላ አካባቢ ተቀመጡ፤ የጀልባው አፍንጫ፣ የፊት ጫፉ፣ ላይ ያለው ሰው ነው ብዙ የሚናጠው። የማቅለሽለሽ ክኒን ካስፈለገ ከመነሳታችሁ በፊት ነው የሚዋጠው፤ ከጀመረ በኋላ ብዙም አይረዳም። ባዶ ሆድ አይሁን፤ ጥጋብም አይሁን። ሲያዞራችሁ ስልክ አትዩ፤ ሩቅ ያለውን ተራራ እዩ። ከወደቡ ወጥቶ ኾሩ አፍ እስኪገባ ድረስ ትንሽ ይንጣል፤ ከዚያ በኋላ በአንድ ጊዜ ዝም ይላል። ሞተሩ እንኳ ድምፁ የሚቀየር ይመስላል፤ ገደሉ ስለሚመልሰው ነው።

ከዚያ መንደሮቹ ይጀምራሉ። ነዲፊ፣ ቀነሓ፣ መቅለብ፣ ሻም። ከገደል ሥር የተለጠፉ ጥቂት ቤቶች፣ አንድ ትንሽ መስጊድ፣ ሁለት ሦስት ጀልባ፣ ፍየል። መንገድ የላቸውም። የሚጠጡት ውኃ በጀልባ ይመጣላቸዋል። ሙቀቱ ሲበረታ ብዙው ሰው ወደ ኸሰብ ይወርዳል፤ የቴምር ወቅትም ነው። ጀልባው ቀረብ ሲል ካሜራችሁን ወደ ተራራው አዙሩ። የሰው ደጃፍና ሴቶች አይነሱም፤ እኛስ ቤታችን ፊት በየቀኑ መርከብ ሙሉ ሰው እየቆመ ፎቶ ቢያነሳን?

ዶልፊኖቹ የሚመጡት ባላሰባችሁበት ነው። ሠራተኞቹ ያፏጫሉ፣ ያጨበጭባሉ፣ ካፒቴኑ ፍጥነት ይጨምራል። ጀልባው ወደ ኋላ የሚተወው ማዕበል ላይ መጫወት ስለሚወዱ እየተከተሉ ይዘላሉ። ቪዲዮ ለመቅረጽ የሚሯሯጠው ሰው ሁሉ የሚቀርጸው ባዶ ውኃ ነው። ስልኩን አስቀምጡና እዩ።

ውኃው ውስጥ መግባት

ጀልባው መልሕቅ የሚጥልባቸው ሁለት የታወቁ ቦታዎች አሉ። አንዱ ሲቢ ደሴት ነው። ሌላው ጀዚረት አል መቅለብ፣ በሰፊው ስሙ ቴሌግራፍ ደሴት። እንግሊዞች በ1864 ከሕንድ ወደ ኢራቅ የሚሄድ የቴሌግራፍ ገመድ በባሕሩ ሥር ሲዘረጉ ጣቢያቸውን እዚህች ድንጋይ ላይ ተከሉ። የብሱን ሰው ስለፈሩ ነው ደሴቷን የመረጡት። ሙቀቱና ብቸኝነቱ ግን ከሰው ባሰባቸው፤ ብዙ ዓመት ሳይቆዩ ለቀቁ። ዛሬ ደረጃና የፈረሰ ግንብ መሠረት ነው የቀረው። ስትወጡ ያቺን ትንሽ ቦታ በእግር ለመዞር ደቂቃዎች ይበቃሉ፤ እዚያ ላይ ወራት መቀመጥን አስቡት።

ከደሴቷ ሥር ውኃው ጥርት ያለ ነው። ጥቁር መስመር ያላቸው ትናንሽ ዓሦች ከነመንጋቸው ይመጣሉ።

እንግዲህ እኔ የደጋ ልጅ ነኝ። ወንዝ ዳር እንዳልሄድ እየተመከርኩ ያደግሁ። መዋኘት አልችልም ነበር፤ ግን ገባሁ። እናንተም እንዲህ ግቡ።

ላይፍ ጃኬቱን መጀመሪያ ጀልባው ላይ ልበሱ። ማሰሪያዎቹን ሁሉ ቆልፉ። ከዚያ ሌላ ሰው ትከሻው ላይ ይዞ ወደ ላይ ይጎትተው፤ ወደ ጆሯችሁ ከወጣ ልል ነው፣ ጠበቅ ይደረግ። አትዝለሉ። በመሰላሉ ፊታችሁን ወደ ጀልባው አድርጋችሁ ውረዱ። ውኃው ወገባችሁ ሲደርስ ቁሙ፤ ትንፋሽ ይቆራረጣል፣ እስኪረጋ ጠብቁ። ከዚያ መሰላሉን ሳትለቁ እግራችሁን አንሱ። ጃኬቱ ሲይዛችሁ ይሰማችኋል። ያቺን ስሜት አንዴ ካወቃችሁ ፍርሃቱ ግማሹ ይሄዳል።

አሁን የውኃ ውስጥ መነጽሩ። ውስጡን ምራቅ እንትፍ ብላችሁ እሹትና ለቅለቅ አድርጉት፤ እንፋሎት አይዘውም። ፀጉራችሁ በጎማው ሥር እንዳይገባ አድርጉ፤ ያ ከሆነ ውኃ ያስገባል። የመተንፈሻውን ቱቦ ጥርሳችሁ ይንከሰው፣ ከንፈራችሁ ይዝጋው። በአፍ ብቻ ነው የሚተነፈሰው። መሰላሉን በአንድ እጅ እንደያዛችሁ ፊታችሁን ንከሩና አሥር ጊዜ በዝግታ ተንፍሱ። እኔ ሦስተኛው ላይ ደንግጬ ተነሳሁ፤ ጨው ጠጣሁ፤ ደገምኩት። ከአሥር በኋላ ልቀቁ።

ከጀልባው አትራቁ፤ በተለይ ከሞተሩ በኩል። ሲደክማችሁ በጀርባችሁ ተንጋለሉና እጅ አንሱ፤ ሠራተኞቹ ይጎትቷችኋል፤ አያፍሩበትም፣ እናንተም አትፈሩ። ለዓሦቹ ዳቦ የሚወረውሩ ሰዎች ታያላችሁ። እናንተ ይቅርባችሁ። ልጅ ካለ ደግሞ ጀልባው ላይም ሆነ ውኃ ውስጥ ጃኬቱ አይወልቅ፣ ዓይናችሁም አይነሳለት።

ሲመለሱ

ጀልባው ወደብ የሚደርሰው ወደ 10 ሰዓት ገደማ ነው። ጊዜ ካላችሁ ኸሰብ ምሽግ እዚያው ከተማ ውስጥ ነው፤ ፖርቹጋሎች በ17ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የሠሩት። ካደራችሁና ኃይለኛ መኪና ከያዛችሁ ደግሞ ኾር ነጂድ የሚባለው ጉያ አለ፤ በመኪና የሚደረስበት እሱ ነው፤ ከተራራው ላይ ቁልቁል ስታዩት ጀልባው ላይ ያልገባችሁ ቅርጽ ሁሉ ይገባችኋል። ቁልቁለቱ ኮረኮንች ስለሆነ በትንሽ መኪና አትሞክሩት።

ድንበሩ ላይ ከመድረሳችሁ በፊት የረጠበ ልብሳችሁን ቀይሩ፤ ፓስፖርቱንም ከረጠበው ቦርሳ አውጡ። እኔ አንዴ የጨው ውኃ የነካው ፓስፖርት አቅርቤ ፖሊሱ በሁለት ጣቱ እንደ ዓሣ አንጠልጥሎ ያዘው። ማኅተሙን መትቶ ሲመልስልኝ «ዶልፊን አየሽ?» አለኝ።